የሚስማር መምቻው ምላጭ ታሪክ

በታመቀ አየር የሚሠራው ሚስማር መምቻ በአሜሪካ የቤት ግንባታ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። መዶሻ ደጋግሞ የሚመታውን ሚስማር በቅጽበት ስለሚቀብር በአናጢዎች ዘንድ በሰፊው ተለመደ።

አደጋው የተሸሸገው በምላጩ ውስጥ ነበር። በአንደኛው አሠራር አናጢው ምላጩን እንደ ሳበ ይቆያል፤ አፈሙዙ አንዳች ነገር በነካ ቁጥር ሚስማር ይተኮሳል። መሣሪያው ሲመታ ወደ ኋላ ይነጥራል፤ ተመልሶ ሲያርፍ ሁለተኛ ሚስማር ይለቃል። ያረፈበት እንጨት ይሁን ጭን ወይም የባልደረባ እጅ አይለይም። በሁለተኛው አሠራር ግን አስቀድሞ አፈሙዙ መጫን፣ ቀጥሎ ምላጩ መሳብ አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አይተኩስም።

ጉዳቱን በአናጢው ቸልተኝነት ማመካኘት ቀላል ነው። ሄስተር ሊፕስኮምና ባልደረቦቻቸው በ2000ዎቹ በሴንት ሉዊስ አካባቢ ተለማማጅ አናጢዎችን ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነው፤ በአንደኛው ምላጭ የሚሠሩት የመጎዳት ዕድላቸው እጥፍ ያህል ነበር። የሥልጠና ማነስም ድርሻ ነበረው።

በ2003 ሥራ ላይ የዋለው የኢንዱስትሪ ደረጃ አብዛኞቹ ትላልቅ መምቻዎች በሁለተኛው ምላጭ ተገጥመው እንዲሸጡ ጠየቀ፤ ሆኖም አስገዳጅ አልነበረም። ከ2001 እስከ 2005 በዓመት 37,000 ያህል ተጎጂዎች በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች ታክመዋል። ከእነዚህም ከአሥሩ አራቱ ያህል ሠራተኞች ሳይሆኑ በግላቸው መሣሪያውን የተጠቀሙ ሰዎች ነበሩ። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት ተቋማት በ2011 ባወጡት መመሪያ ሁለተኛውን ምላጭ መከሩ።

የቁስሉ አፍ ጠባብ መሆኑ ሐኪሙን ሊያዘናጋ ይችላል። ሚስማሮቹን ያያያዘው ሽቦ ስባሪ አብሮ ሊገባ ስለሚችል ሚስማሩ ከመነቀሉ በፊት ራጅ ይነሣል፤ ነርቭና ጅማት ይመረመራሉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጣራል። የምላጩ ዓይነትም ተጠይቆ በካርዱ ላይ ቢሰፍር መልካም ነው።