ከፋኝ፣ አዘንኩ፣ ተናዘዝኩ

«ከፋኝ» የሚለው ቃል ስሜቱን ከሰውየው ለይቶ ያስቀምጠዋል። የከፋው ነገር ሌላ ነው፤ እኛ ተሳቢዎች ነን፤ እንደ «ራበኝ»፣ እንደ «በረደኝ»፣ እንደ «ጨነቀኝ»። «ከፋሁ» ብንል ግን «ክፉ ሆንኩ» ማለት ይሆናል። ሁለቱን የምትለያቸው አንዲት «ኝ» ናት። የራበውን ሰው «ለምን ራበህ?» ብለን እንደማንወቅሰው ሁሉ፣ የከፋውንም «ለምን ከፋህ?» ማለት አይገባንም ነበር።

«አዘነ» ሌላ መንገድ ይዟል። «አዘነኝ» አይባልም፤ ባለቤቱ ሰውየው ራሱ ነው። ግሡ የግእዙ «ሐዘነ» ነው። ብዙዎች በብዙኃኑ ኀ ይጽፉታል፤ የዐረብኛው ዘመዱ «ሑዝን» ግን ለሐመሩ ሐ ይመሰክራልና እኔ በእሱ እጽፈዋለሁ። ዐረብኛ በዚያው ሥር ወጣ ገባና ሸካራ መሬትንም ይጠራበታል። አማርኛ ደግሞ በግሡ ላይ «ለ»ን ሲጨምርበት ርኅራኄ ያደርገዋል፦ አዘነለት፣ አዘነችልኝ። አዛኝ ስንል የተከዘውን ሳይሆን የሚራራውን ነው፤ እመቤታችንም «አዛኚቱ» ትባላለች። ሐዘንን ከልባችን ጨርሰን እናስወጣ የሚል ምክር ስሰማ ይህ ግሥ ይታወሰኛል፤ ርኅራኄውስ ወዴት ሊሄድ ነው? ጎረቤት ወደ ለቅሶ ቤት ይዞት የሚመጣው ምግብ፣ እዝን፣ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ የጉሮሮው ሐ በአነጋገር ስለ ጠፋ ብቻ ዝምድናው ተሸሸገ።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ታሪክ ግን የ«ናዘዘ» ነው። በግእዝ ናዘዘ ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው። ተናዘዘ ደግሞ ተጽናና። ዛሬ በአማርኛ ሰው ሲናዘዝ በንስሐ አባቱ ፊት የልቡን ይናገራል፤ ወይም ሞት ሲቃረብ ለቤተ ሰቡ ቃሉን ይሰጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ኑዛዜን በውርስ ክፍሉ ይዞታል። መጽናናት የነበረው ቃል እንዴት መናገር ሆነ? መንገዱ በንስሐ በኩል ያለፈ ይመስለኛል። የሚያረጋጋው ካህን መጀመሪያ ይሰማል፤ የሚረጋጋውም ሰው መጀመሪያ የከበደውን ነገር በስሙ ጠርቶ ያወጣል። ዘመን ሲገፋ ውጤቱ ተረሳና ድርጊቱ ብቻ በቃሉ ውስጥ ቀረ። ይህ መረሳት ያሳዝነኛል። የተጨነቀ ሰው ገና አፉን ሲከፍት «በቃ፣ እርሳው» የምንለው፣ መናገሩ ራሱ የመጽናናቱ መጀመሪያ እንደ ነበር ስለ ዘነጋን ነው።

ጰራቅሊጦስ የሚለው የመንፈስ ቅዱስ ስም በቤተ ክርስቲያን ሲተረጎም «ናዛዚ» ይባላል፤ አጠገቡም «መጽንዒ» ይቆማል፤ የሚያጸና ማለት ነው። «ማጽናናት» የመጣው ከዚሁ «ጸና» ነው፤ ጠነከረ፣ ቆመ። ለቅሶ የደረሰ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል እንጂ «ሐዘናችሁን ያጥፋላችሁ» አይልም። ምርቃቱ ባለ ሐዘኖቹን እንጂ ሐዘኑን አይነካም። ደግሞም ያው ግሥ ለመከራውም ያገለግላል፦ ሕመሙ ጸናበት፣ ሐዘኑ ጸናባት፣ ጽኑ ሕሙማን። በለቅሶ ቤት «ያጽናሽ» የምትባለው ሴት ሐዘኑ የጸናባት ናት።