ከሽርሽር የተወለደች ከተማ

አዲስ አበባ መነሻዋ ሽርሽር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የንጉሥ ምኒልክ ከተማ ያኔ ብርዳሙ እንጦጦ ላይ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ እየወረደ፣ ድንኳን ተክሎ ይታጠብና ይዝናና ነበር። ጣይቱ ብጡል ሜዳውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠርተው አዲስ አበባ አሉት።

ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ኮንዶሚኒየም የተከራየ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይወጣል፤ ፓርኩ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። በ2012 በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክም አለ፤ መግቢያው ግን በክፍያ ነው። የታክሲው፣ የመክሰሱ ሲደመርበት ልጆች ላሉት ደመወዝተኛ የዓመት በዓል ጉዳይ ይሆናል።

ትልልቆቹ ፓርኮች መሠራታቸው መልካም ነው። የሰፈር ሜዳን ግን አይተኩም። ለከተማው አዲስ የሆነ ልጅ ጓደኛ የሚያፈራው በእግሩ ደርሶ፣ ሳይከፍል ኳስ በሚመታበት ቦታ ነው። ፍልውሃ ሜዳ የወረዱት መኳንንት ቲኬት አልቆረጡም።