መምህሩ ወደ ልጁ ይሂድ

«ዕውር ቢሸፍት እስከ ጓሮ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱን ያወጣው ሰውዬ የትምህርት ታሪካችንን ያየ አይመስለኝም። ፊደል ፍለጋ ከቤቱ ርቆ የተጓዘው ብዙ ጊዜ ዐይነ ስውሩ ነው። ፈንጣጣ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ከአገራችን እስኪጠፋ ድረስ የስንቱን ሕፃን ዐይን ይዞ ሄዷል። ኩፍኝና ትራኮማም በየተራቸው አግዘውታል። ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ለጓዳ ወይም ለልመና ተተዉ። ጥቂቶቹ ግን የጓደኛቸውን ዘንግ ጫፍ ይዘው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ቅኔ ቤት ደረሱ።

እዚያ ለምን ተቀባይነት አገኙ? መልሱ ቀላል ነው። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ግማሽ ጎኑ የጆሮ ትምህርት ነው። «ቃል ትምህርት» የሚባለው በቃል ይቀበሉታል፣ በቃል ይመልሱታል። ይህም ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠናው ሌሊት በጨለማ ነው፤ በጨለማ ደግሞ ሁሉም እኩል ነው። የኔታ አዳምጠው ያርማሉ። በዚያው በወሎ ምድር፣ የጁ ውስጥ እንደ ዳና ባሉት የእስልምና የትምህርት ማዕከላትም ቢሆን መንገዱ ያው ነበር። ደረሳው ከሸኹ ፊት ተቀምጦ የሰማውን በልቡ ይይዛል። «ልዩ ፍላጎት» የሚባል ስም ሳይወጣለት ሥራው ይሠራ ነበር ማለት ነው። የመምህሩንም ኑሮ የሚችለው ምእመኑ ነው።

ይሄን ዘመን ማሞገስ ይቀናናል፤ እኔም ሲቀናኝ ይታወቀኛል። ነገር ግን መስማት ለተሳነው ልጅ ያ ቤት በር አልነበረውም። በአእምሮ ዕድገት ወደኋላ ለቀረው ልጅም እንዲሁ። እሱን ወደ ጠበል ወይም ወደ ወልይ ይወስዱታል እንጂ ወደ መምህር የወሰደው ማን ነው? የትምህርቱ ዘዴ ከአንዳንዱ ልጅ ጋር በአጋጣሚ ገጠመ፤ ከሌላው ጋር አልገጠመም። መምህርነት ሙያ የሚሆነው አልገጥም ላለው ልጅ ዘዴ ሲፈለግለት ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ልጁ ወደ መምህሩ መሄዱ አልቀረም፤ መንገዱ ረዘመ እንጂ። ሰበታ ላይ መርሐ ዕውራን ተከፈተ። ባኮና ሻሸመኔ ላይም ለዐይነ ስውራን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ መስማት ለተሳናቸው መካኒሳና አልፋ ተቋቋሙ። ልብ በሉ፤ ከዘረዘርኳቸው አንዱም ወሎ ውስጥ አይደለም። የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። በ1974 ዓ.ም. አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጣች። ፊደል የቆጠረችው ግን ደሴን አልፎ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ ሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ ዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ሕግ አጠናች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። እሷ ደረሰች። አውቶቡስ የሚያሳፍረው ዘመድ ያጣው ልጅ ግን የት እንዳለ መገመት አያቅትም።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ለመምህሩም አጥር ሆነበት። ከግቢው ውስጥ ሥራ አለ፣ ባልደረባ አለ፣ የብሬል ወረቀት አለ። ከበሩ ሲወጣ ሙያው አብሮት አይወጣም።

ይሄን አጥር የሚያፈርስ ቃል በ1986 ዓ.ም. ተጽፏል። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው የልዩ ትምህርት መምህራን ሥልጠና በመደበኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ እንዲሰጥ ደነገገ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ 92 መንግሥታት በስፔኗ ሳላማንካ ተሰብስበው፣ ልጆች ሁሉ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አብረው ይማሩ አሉ። ሰበታም በፊንላንድ እርዳታ መምህራን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። በ1998 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፣ በ2004 ተሻሻለ። መካከል ላይ በ2002 አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። ወረቀቱ አልጎደለም።

የጎደለው ምደባው ነው። ወጣቱ በልዩ ፍላጎት ይመረቃል፤ ሲመደብ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው እንደ ማንኛውም መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜና የታጨቀ ክፍል ነው። ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የሚያወጣው መሰላል፣ አንድን ልጅ ጫማውን ማሰር ለማስተማር ስድስት ወር የፈጀን ሰው በየትኛው ደረጃ ያስቀምጠዋል? ሥራው እኮ እንዲህ ነው። ብሬል ስድስት ነጥብ ነው፤ «ሉ» ለዐይን አንድ ፊደል ትሁን እንጂ ተነባቢና አናባቢ ተለይተው ስለሚጻፉ ለጣት ሁለት ናት። በስሌትና በስታይለስ ሲጻፍ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ያነቡታል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ እጅ መታጠብ አንድ ሥራ አይደለም። ቧንቧ መክፈት አንድ፣ ሳሙና ማንሳት ሁለት፣ እያለ ተበትኖ አንድ በአንድ ይለመዳል። ሃምሳና ስልሳ ልጅ ይዞ ይሄን የሚችል ካለ ብዙዎቻችን መማሪያ እናድርገው።

የመንግሥት መሰላል ባልደረሰበት ቦታ ሙያውን የፈጠሩት ወላጆች ናቸው። ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የነበራት ሴት ናት። ኦቲዝም ያለበት ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች። በ2013 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ስለ ኦቲዝም ስትናገር ኖራለች። በማዕከሉ ሥራውን በሥራ ላይ የተማሩ ሰዎች ተፈጠሩ። መቼም እንደ ዘሚ ያለች እናት ለየወረዳው አትታደልም።

እንግዲህ ወልዲያ ላይ በዚህ ሙያ እንጀራዬን ልብላ የሚል ወጣት ምን ይጠብቀዋል? ማስጠናት በከተማው አዲስ ነገር አይደለም። ሒሳብና እንግሊዝኛ እያስጠና ቤት ኪራዩን የሚከፍል ሞልቷል። የልዩ ፍላጎት አስጠኚም አንድ ሁለት ነጋዴ ቤት ሊያገኝ ይችላል። ልጁ ግን የሚበዛው እዚያ አይደለም። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሪንቃ አለ፣ መርሳ አለ፤ ከአስፓልቱ ሲርቁ ደግሞ የጊራና ቆላ አለ። የሀብሩ ገበሬ ልጁን ለማስጠናት በወር የሚከፍለው ገንዘብ ከየት ያመጣል? እናትየዋን ጎረቤት «አብሽሪ» ይላታል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ይውላል። ስለዚህ ይሄ ሙያ በወላጅ ኪስ ላይ አይቆምም።

ጦርነቱም አለ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወልዲያና መርሳ በጦርነት ውስጥ ሲወድቁ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም አልተረፈም። ደብተር ከሱቅ ይተካል፤ የብሬል ወረቀት ከየትኛው ሱቅ ይገዛል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት ደግሞ መደበኛውንም ተማሪ ከትምህርት ገበታ ለይቶታል። «አሁን ለልዩ ፍላጎት ጊዜ ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሰላም በነበረ ጊዜም ጥያቄው ይኸው ነበር።

ለመሆኑ ቤት ለቤት የሚሄድ ባለሙያ መቅጠር አናውቅበትም? ኧረ በደንብ እናውቅበታለን! ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በመንግሥት ደመወዝ ተሰማርተዋል። ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ሽንት ቤት ለማስቆፈርና ክትባት ለማስለመድ የሰው በር ሲያንኳኩ ማንም ቅንጦት ነው አላለም። ለትምህርቱም ተዘዋዋሪ መምህር የሚባል ሐሳብ አለ፤ አንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ ማዕከል ይሆንና መምህሩ ከዚያ እየተነሳ ዙሪያውን ያዳርሳል። እንበል ማዕከሉ መርሳ ላይ ቢሆን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ግቢው ውስጥ ብሬልና የምልክት ቋንቋ ያስተምራል፣ ሦስቱን ቀን ቦርሳውን አንግቦ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የትራንስፖርት አበል፣ ከክፍለ ጊዜ ጭነት ነፃ የሚያደርግ አንድ ደብዳቤና ጉብኝቱን የሚቆጥር የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ነው። ልጆቹ የት እንዳሉ ፍለጋም አይቸገርም። መርሳ በደረሰ በማግስቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቃት፤ በየትኛው ቤት ከመጋረጃው ጀርባ ልጅ እንዳለ እሷ ታውቃለች።