አባል ያልነበሩት የደርግ ሊቃነ መናብርት

በጋይንትም ሆነ በእስቴ ማኅበር የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ሙሴው ከጽዋው ተካፋዮች አንዱ ነው። ደርግ ግን ሰብሳቢውን ከውጭ አመጣ። ሌ/ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በመስከረም 1967 ሊቀ መንበር ሲሆኑ የደርግ አባል አልነበሩም። የተፈለገው በሠራዊቱ ዘንድ የተከበረው ስማቸው ነበር። የአባላቱ ድምፅ ግን በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዙሪያ ተሰብስቧል። በኤርትራ ጉዳይና በእስረኞቹ ዕጣ ከደርጉ ጋር አልተስማሙም፤ ኅዳር 14 ቀን ቤታቸው ተከብቦ ተገደሉ።

የሚገርመው፣ ደርጉ አሁንም ከውጭ ፈለገ። ብ/ጄኔራል ተፈሪ በንቲን ከአሥመራ አስመጣ። እሳቸው ከሁለት ዓመት በላይ ወንበሩ ላይ ቆዩ፤ ብዙ ሰው ግን ለይምሰል የተቀመጡ አድርጎ ነበር የሚያያቸው። በታኅሣሥ 1969 የወጣው አዲስ አደረጃጀት ለሊቀ መንበሩ እውነተኛ ሥልጣን ሰጠ። ወር ያህል እንኳ በቅጡ አልሠሩበትም፤ ጥር 26 ቀን ተገደሉ። ቀጥሎ ወንበሩን የያዘው አባሉ መንግሥቱ ነው።