ነዳጅ በሎቹ ተሕዋስያን

ሕይወት ያለው ፍጥረት የፈጠራ ባለቤት ሊኖረው ይችላልን? ጥያቄው ለፈላስፎችና ለካህናት የተተወ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን በአሜሪካ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተነሥቶ ከፓተንት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ደረሰ። ይዘውት የቀረቡት ትውልደ ሕንዱ ሳይንቲስት ዶክተር አናንዳ ቻክራባርቲ ሲሆኑ፣ ባለቤትነቱ እንዲረጋገጥላቸው የጠየቁትም በዓይን የማይታይ አንድ ባክቴሪያ ነበር።

ድፍድፍ ነዳጅ የብዙ ሺህ ውሕዶች ቅልቅል ነው። ነዳጅ የሚመገቡ ባክቴሪያዎች በተፈጥሮ መኖራቸው ቀድሞም ይታወቃል፤ ችግሩ አንዱ ዝርያ የሚወደውን ውሕድ ሲበላ ሌላውን አለመንካቱ ነው። ቻክራባርቲ ታዲያ ሹዶሞናስ ከሚባለው ወገን ከተለያዩ ዝርያዎች፣ ይህን ችሎታ የተሸከሙትን ፕላዝሚድ የተባሉ ቀለበት መሰል የዘር ቅንጣቶች እየወሰዱ በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ አሰባሰቧቸው። የአራት ሰው ሆድ ለአንዱ እንደ መስጠት ያህል ነው።

ማመልከቻቸው የአሠራሩን ዘዴ፣ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን እንደ ጭድ ያለ ነገር፣ በመጨረሻም ባክቴሪያውን ራሱን የሚመለከት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ መርማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፈቀዱ። ጭዱ አለፈ፤ ጭዱ ላይ የተሳፈረው ፍጥረት ግን ሕይወት አለውና አይሆንም ተባለ። (ሉዊ ፓስተር በ1873 ከዚያው ጽሕፈት ቤት ከጀርም ለጸዳ እርሾ ፓተንት ማግኘታቸውን ያስታወሰ ሰው በነገሩ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።)

ሙግቱ ከችሎት ችሎት ሲንከባለል ከርሞ ጁን 16 ቀን 1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለቻክራባርቲ ፈረደ። የአብዛኛዎቹን ሐሳብ የጻፉት ፕሬዚዳንቱ ዋረን በርገር እንዳስረዱት፣ መለየት የሚገባው ሕይወት ያለውና የሌለው ሳይሆን፣ የተፈጥሮ ውጤትና የሰው እጅ ሥራ ነው። አራቱ ተቃዋሚዎች ግን ይህን ያህል ነገር መወሰን የሕግ አውጪው ምክር ቤት ድርሻ ነው አሉ። በእኔ ሚዛን ክብደቱ ወደ አራቱ ያደላል፤ በዚያ በተከፈተው በር ስምንት ዓመት ሳይሞላ ካንሰር እንዲይዘው ተደርጎ የተፈጠረ አይጥ ፓተንት አግኝቶ ገብቷልና።

ባክቴሪያውስ? ይህን ሁሉ ያከራከረው ፍጥረት የፈሰሰ ነዳጅ ለማጽዳት ባሕር ላይ ተሰማርቶ አያውቅም።

ማርች 24 ቀን 1989 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ውስጥ ከባሕር አለት ጋር ተላትማ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ድፍድፍ አፈሰሰች። ጠጠሩ፣ ወፉ፣ አቆስጣው ሁሉ ጠቆረ። ሠራተኞች ዳርቻውን በኃይል በሚረጭ ሙቅ ውሃ ሲያጥቡት ከነዳጁ የተረፈውን ነፍሳት ጭምር ቀቀሉት። በዚያው ክረምት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ባለሙያዎች ሌላ ዘዴ ሞከሩ። አዲስ ባክቴሪያ አላመጡም፤ ነዳጅ በሎቹ እዚያው ነበሩ። ካርቦን በነዳጁ ውስጥ ሞልቶ ተርፏቸዋል፤ ያነሳቸው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ ማሳ ላይ እንደሚደረገው ሁሉ ማዳበሪያ ተረጨላቸው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የተረጨው ቁራጭ መሬት ከጥቁሩ ዳርቻ መካከል ነጥቶ ከአየር ላይ ታየ። ተጠራጣሪዎች፣ ማዳበሪያው እንደ ሳሙና አጥቦት ይሆናል እንጂ ባክቴሪያው አልበላውም አሉ። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። መልሱ የተገኘው ሆፔን ከተባለ፣ ባክቴሪያ በቀላሉ ከማይደፍረው የነዳጅ ክፍል ነው። እጥበት ቢሆን ሁሉም እኩል በቀነሰ፤ የሆነው ግን ሌላው እየጠፋ ሆፔኑ መቅረቱ ነው። በአንጻሩ ነጋዴዎች ለሽያጭ ያቀረቧቸው ባክቴሪያዎች በ1990 እዚያው ዳርቻ ላይ ተሞክረው ከአገሬዎቹ ብልጫ አላሳዩም።

ሆኖም በ2001 የመንግሥት ተመራማሪዎች ያንኑ ዳርቻ ሲቆፍሩ፣ ከላይ ንጹሕ በሚመስለው ጠጠር ሥር ያልተበላ ነዳጅ አገኙ። ኦክስጅን እንደ ልብ በማይደርስበት በዚያ ጥልቀት የባክቴሪያዎቹ ሥራ እጅግ አዝጋሚ ነው።