የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፦ ለጉንዳን ይሆናል፣ ለወባ ግን አይበቃም

«ከብርቱካን ልጣጭ የተሠራ፣ ጉዳት የሌለው» የሚባል ፀረ ተባይ ሲገኝ፣ በጅቡቲ ከተማ ሙቀት ከበረሮና ከትንኝ ጋር ለምንታገል ሰዎች ደስ ይላል። ይሠራል ወይ? አዎ፣ ግን በልኩ ነው።

በልጣጩ ዘይት ውስጥ ሊሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጉንዳን ወይም በረሮ ላይ በቀጥታ ሲረጭ ሰም መሰል ሽፋኑን አጥፍቶ ይገድለዋል። ነገር ግን ቶሎ ስለሚተን ቆይቶ የሚመጣውን አይነካም። ልጣጭ ቀቅሎ ውኃውን መርጨት ደግሞ ከዚህም የደከመ ነው፤ ዘይቱ በእንፋሎት ይወጣል።

ተፈጥሯዊ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ዘይቱ በእሳት ይያያዛል፤ ከሰል ወይም ምድጃ አጠገብ አትርጩት። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት። ድመትንም ይመርዛል። የሎሚ ጭማቂ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን ያቆስላል።

ከሁሉ በላይ፣ ወባን በዚህ እንከላከላለን ብላችሁ እንዳትዘናጉ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታወቀችው በ2012 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ነው። የምትራባው ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ጋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተማም ሆናችሁ አሊ አዴ ወይም ሆል ሆል፣ በርሜሉን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ፤ በየሳምንቱ ውስጡን ፈግፍጋችሁ እጠቡ፤ አጎበር ሥር ተኙ። ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ።