ዋጋው የማይነገር ዕቃ
(የአንድ የእንግሊዞች የጥገና ቤት ታሪክ)



ባለፈው ሰሞን ወደ ማታ ላይ በአንድ ስልክ ዙሪያ ስድስት ሰባት ሆነን ተኮልኩለን ነበር። በስልኩ ላይ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ጸጉሩ የረገፈ፣ አንድ ዓይኑ የወለቀ የድብ አሻንጉሊት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ሁለት ሴቶች ተቀበሏቸው። ድቡ ተሰፍቶ፣ ዓይን ተተክቶለት ሲመለስላቸው አሮጊቷ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ተንሰቀሰቁ። እኛም ሳቅን። «ሰው ስንቱን ቀብሮ ሳያለቅስ፣ እነዚህ ለጨርቅ ድብ ያለቅሳሉ!» ያለም ነበር። ከመካከላችን ያልሳቁት አንዲት እናት ብቻ ናቸው። «ለመሆኑ ዋጋው ስንት ነው አሏቸው?» ብለው ጠየቁ። ወደ ኋላ መልሰን አየነው። ዋጋ የሚባል ነገር ከቶ አልተጠራም።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከእኒያ እናት ጥያቄ ነው።

ዝግጅቱ «ዘ ሪፔር ሾፕ» ይባላል፤ የጥገና ቤት እንደ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በቢ.ቢ.ሲ. ሁለተኛ ጣቢያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ሲሆን፣ አዘጋጁ ሪኮሼ የተባለ ድርጅት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው የአባቱን ሰዓት ወይም የአያቱን ወንበር፣ አለዚያም የሞተች ልጁን መጫወቻ ተሰብሮ ወይም ዝጎ ይዞ ይመጣል። ዕቃው ከማን እጅ ወደ እሱ እንደ ደረሰ ይናገራል። ባለሙያው ተቀብሎ ይሠራል፤ ባለቤቱ ለሥራው አይከፍልም። በመጨረሻ ዕቃው በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆየዋል፤ ጨርቁ ሲገለጥ ያልነው ለቅሶ ይመጣል። ከዚህ ሌላ ውድድር የለም፤ ሽልማትም የለም።

ይህ ነገር አዲስ መሆኑን ለማወቅ ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። በዚያው በቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚታይ «አንቲክስ ሮድሾው» የሚባል ዝግጅት አለ። እዚያም ሕዝቡ የአያት የቅድመ አያቱን ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል፤ ዐዋቂው አገላብጦ ያይና መቼና የት እንደ ተሠራ ይናገራል። በመጨረሻ ግን ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዕቃው ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ እንደሆነ የባለቤቱ ፊት ይበራል፤ ዝቅ ያለ እንደሆነ ፈገግ ለማለት ይታገላል። የጥገናው ቤት ሰዎች ይህን የመጨረሻ ጥያቄ አንሥተው ጣሉት። «ስንት ያወጣል?» የሚለው «የማን ነበር?» በሚለው ተተካ። እኒያ እናት ዋጋውን ያጡት ስለዚህ ነው።

የነገሩ ሥር ግን ከቴሌቪዥንም በፊት ይጀምራል። ዛሬ በሀብቱ የምናውቀው የእንግሊዝ ሕዝብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልብስ በኩፖን የሚሰፈርለት ሕዝብ ነበር። የልብስ ራሽን እ.ኤ.አ. በ1941 ተጀምሮ እስከ 1949 ዘልቋል። ራሽን ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። መንግሥቱ በ1943 «ባለህ ተብቃቃ፤ የተቀደደውንም ጥፈህ ልበስ» የሚል መልእክት ያለው የምክር መጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ አሠራጭቶ ነበር። ያ ትውልድ ካልሲ እየጠቀመ፣ አንሶላ ከመሐል ሲሳሳ ቀዶ ዳርና ዳሩን እየገጠመ ኖሯል። በኋላ ዕቃ ረከሰ፤ የተሰበረውን ከመጠገን አዲስ መግዛት ቀለለ፤ ጠጋኙም ሱቁን ዘጋ። ብዙ ሳይቆይ ግን ይህ አኗኗር የሚቆጨው ሰው ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማርቲነ ፖስትማ የተባለች ሆላንዳዊት በአምስተርዳም ከተማ የመጀመሪያውን «የጥገና ካፌ» ከፈተች። ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ የተበላሸ ዕቃውን በነጻ የሚጠግንበት ቦታ ነው፤ ሐሳቡም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። የቴሌቪዥኑ ጥገና ቤት ሲከፈት እንግዲህ ሕዝቡ ነገሩን ናፍቆ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሥራው የሚሠራበት ቤት ታሪክ ነው። በደቡብ እንግሊዝ በዌስት ሰሴክስ፣ ሲንግልተን በምትባል መንደር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሕዝብ የተከፈተ የቤቶች ሙዚየም አለ። በዚያ የሚታዩት ቤቶች አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። መንገድ ወይም ፋብሪካ ሊሠራ ሲባል፣ አለዚያም እርጅና ሊጥላቸው ሲል፣ ባለሙያዎች ደርሰው ግንዱን ከግንድ ለያይተው፣ እያንዳንዱን እንጨት ምልክት እያደረጉበት፣ ጭነው አምጥተው እንደ ገና አቆሟቸው። ጥገናው የሚቀረጽበት ኮርት ባርን የተባለው የእህል ቤትም ከጎረቤቱ ክፍለ አገር፣ ከሃምፕሸር የባሕር ዳር የመጣ ነው። እንግዲህ የሌላውን ስብራት የሚጠግነው ቤት ራሱ ከቦታው ተነቅሎ የመጣ ስደተኛ ቤት ነው። የተነቀለ ነገር በሌላ መሬት ላይ እንደሚቆም እሱ ምስክር ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሲነቀል የየእንጨቱን ቦታ የመዘገበ ሰው ሲኖር ነው።

የቤቱ ሠራተኞች ደግሞ እውነተኛ ባለሙያዎች ናቸው። ስቲቭ ፍሌቸር ሰዓት ሠሪ ነው፤ አያቱም አባቱም ሰዓት ሠሪዎች ነበሩ። እኅቱ ሱዚ ኮርቻና ቆዳ ትሠራለች፤ ብዙ ዓመት በአሜሪካ ኖራ የተመለሰች ናት። ዊል ከርክ የእንጨት ዕቃ ያድሳል። አማንዳ ሚድልዲችና ጁሊ ታቼል እኛ የሳቅንበትን ድብና መሰሎቹን ይሰፋሉ። ዝግጅቱን ከመጀመሪያው አንሥቶ የመራው ጄይ ብሌድስ ነበር። እሱ በለንደን ሃክኒ ያደገ ሲሆን፣ ቀድሞ ለሥራ አጥ ወጣቶች የወንበርና የጠረጴዛ እድሳት ያስተምር ነበር። ካደገ በኋላም በደንብ ማንበብ አይችልም ነበርና፣ በ51 ዓመቱ ፊደል ሲማር የሚያሳይ ፊልም በ2022 በአደባባይ ታየ። በ2024 ከዝግጅቱ ወጥቷል።

ዝግጅቱ በመጀመሪያ በቀን የሚታይ ትንሽ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ቢ.ቢ.ሲ. አንደኛ ጣቢያ የምሽት ሰዓት ተዛወረ። ያ ዓመት የኮሮና ዓመት ነው፤ ሕዝቡ በየቤቱ ተዘግቶ፣ ሽማግሌዎቹን በቅጡ ሳይሰናበት በሚቀብርበት ጊዜ የሟች አባቱ ሰዓት ዳግም ሲመታ የሚሰማ ሰው ማየት ለብዙዎች ማጽናኛ ሆነ። በ2022 ኦክቶበር ደግሞ የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ሳይቀሩ ዕቃቸውን አቀረቡ፤ በተቀረጸበት ጊዜ ገና አልጋ ወራሽ ነበሩ። ያመጡት አንድ የ18ኛው መቶ ዓመት ሰዓትና ለንግሥት ቪክቶሪያ የ60 ዓመት ኢዮቤልዩ የተሠራ የተሰበረ ሸክላ ነበር። ይህ ክፍል በ2023 ባፍታ የተባለውን የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ሽልማት አገኘ። ዘውድ የሚጠብቀውም ሰው የተሰበረ ሸክላውን ይዞ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ በባለሙያ ፊት ቆሟል።

አሁን ከሥራው ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ልንገራችሁ። ጥሩ ጠጋኝ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት «የቱን ልተወው?» ብሎ ይጠይቃል። የወንበሩ ክንድ የተላጠው አያትየው ሠላሳ ዓመት እጃቸውን ስላሳረፉበት ከሆነ፣ ያን ልጦ በአዲስ ቀለም መቀባት አያትየውን መፋቅ ነው። ስለዚህ ዕቃው እንዲቆም ያጠነክሩታል፤ የሰው እጅ የተወውን ምልክት ግን ይተዉታል። ከተቻለም ነገ የሚመጣው ባለሙያ ሊያነሣው የሚችለውን ማጣበቂያ ይመርጣሉ። «አዲስ ማድረግ» እና «መጠገን» ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ዝግጅቱ ነቀፋ የለበትም አልልም። ቴሌቪዥን ነውና የሳምንታቱን ድካም በደቂቃ አሳጥሮ ያሳያል፤ ካሜራውም እንባ የሚጠብቅ ይመስላል። ድብ ለሚጠገንለት አንድ ሰው፣ ገና የሚሠራ ዕቃ አውጥተው የሚጥሉ ስንት ሺህ ሰዎች በዚያው አገር አሉ። ነገር ግን ወደ ራሳችን ስንመለስ የሚያሳፍረን ነገር አለ። በአገራችን ማረሻውን የሠራልንን ቀጥቃጭ፣ ጀበናውን የሠራችልንን ሸክላ ሠሪ፣ ኮርቻውን የሰፋልንን ፋቂ በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል፤ ቡዳ ነው ብለን ልጆቻችንን ከደጃቸው አርቀናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስኪከለክሉ ደረስን፤ ስድቡም በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። እንግሊዞቹ ለጠጋኙ የክብር ወንበር ሰጥተው ሕዝብ እንዲያየው ሲያደርጉ፣ እኛ ዛሬ በካምፓችን ገበያ ጫማ የሚሰፋልንን፣ የተቀደደ ጄሪካን በእሳት የሚያጣብቅልንን ልጅ ስሙን እንኳ አንጠይቀውም። ይህን ለመለወጥ ርዳታ መጠበቅ አያሻም።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። በማግስቱ ከመቀነታቸው ቋጠሮ አንድ የወንድ የእጅ ሰዓት ፈትተው አሳዩኝ፤ መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ቆሟል። የባለቤታቸው ነበር፤ ድንበር ሲሻገሩ ያመጡት ይህንኑ ብቻ ነው። ወደ ሰዓት ሠሪው ወሰድነው። እሱም ከፍቶ አየና «ይሠራል፤ መስተዋቱንም እቀይርልዎታለሁ» አላቸው። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ሆዱን አሠራልኝ፤ ስንጥቁን ግን አትንካብኝ፤ እሱ የወደቀ ዕለት የተሰነጠቀ ነው» አሉ። ልጁ ዝም ብሎ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገና ሥራውን ጀመረ። ሰዓቱ አሁን ይሄዳል። በድቡ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ ከሚቀጥለው ቅጂ ጀምሮ አንድ ገጽ ለዕቃዎቻችን ሊለቅ አስቧል። ከአገር ይዛችሁት የመጣችሁት ነገር ካለ፣ ቁልፍም ይሁን መነጽር፣ ዳዊትም ይሁን ወንፊት፣ የማን እንደ ነበረና እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ነግራችሁን እንጻፈው። ባዶ እጁን የመጣም አይቅር፤ ጥሎት የመጣውን ዕቃ ይንገረን። የየእንጨቱ ቦታ ካልተመዘገበ ቤቱ መልሶ አይቆምምና።